በርሚንግሃም እንግዳዋን ጾሙን አታሳድርም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። «እስቲ ይህን አንብብና የምትለውን ንገረኝ» አለኝ። አነበብኩት። ሌሊቱን ሥራ ላይ ሆኜ ሳብሰለስለው አደርኩ።

ጸሐፊው ለንደን የሚኖር ወገናችን ነው። ለሦስት ቀን በርሚንግሃም መጥቶ፣ ኒው ስትሪት ባቡር ጣቢያ አጠገብ አርፎ፣ ተመልሶ ሄደ። ከዚያ ለሐበሻ እንግዳ ምክር ጻፈ። ምክሩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ከቡልሪንግ የገበያ ማዕከል አትራቁ። ባልቲ የሚባለው የከተማዋ ምግብ የውሸት ነው። ስፓርክብሩክና ስፓርክሂል የሚባሉት ሰፈሮች ቆሻሻ ስለሆኑ ወደዚያ እግራችሁን አታንሱ። ደህና ምግብ ያማረው ባቡር ይዞ ለንደን ይሂድ። ጾመኛ ከሆናችሁ ቺፕስ ልመዱ። አለበለዚያ ሐበሻ ቤት ፈልጋችሁ፣ በልታችሁ ግቡ።

ሰውየው ክፉ አስቦ የጻፈው አይመስለኝም። ግን ጽሑፉን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። እኔ በዚህች ከተማ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ሰባቱን ዓመት ታክሲ እየነዳሁ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የትኛው ቤት እሳቱን እንዳላጠፋ አውቃለሁ። እዚህ መጥቼ ሰው ባልነበረኝ ጊዜ ያበሉኝ ቤቶች እነዚያው እንዳትሄዱባቸው የተባሉት ቤቶች ናቸው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ከመሀል ከተማ አትውጡ»

የስህተቱ ሁሉ ሥር ይህ ነው። መሀል ከተማ፣ ገበያ ማዕከሉ ውስጥና ዙሪያው ያሉት አብዛኞቹ ቤቶች ለንደንም አሉ፣ ሊድስም አሉ፣ ማንቸስተርም አሉ። ያው ስም፣ ያው ሜኑ፣ ያው ሶስ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። የመሀል ከተማ ኪራይ አይቀመስም። ያንን ኪራይ የሚችለው በአብዛኛው በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ነው። ጸሐፊው «ሦስት ቀን በላሁ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ብሏል። እውነቱን ነው። የበላው አንድ ዓይነት ቦታ ነዋ!

የበርሚንግሃም ምግብ ያለው ከመሀል ከተማ ወደ ዳር በሚወጡት ረጃጅም መንገዶች ላይ ነው። ስትራትፎርድ ሮድ፣ ሌዲፑል ሮድ፣ ኮቨንትሪ ሮድ፣ ሶሆ ሮድ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማዋ የብረት ማቅለጫዎችና የመኪና ፋብሪካዎች የሰው ያለህ ይሉ ነበር። ሰው ከካሪቢያን ደሴቶች መጣ። ከፑንጃብ፣ ከካሽሚር፣ ከየመን መጣ። ርካሽ ክፍል የሚገኘው በእነዚህ መንገዶች ግራና ቀኝ ነበር። ሰው በሰፈረበት ምግብ ቤት ተከፈተ። የተከፈተውም ለቱሪስት ሳይሆን፣ ከሌሊት ፈረቃ ለሚወጣ፣ ሚስቱንና እናቱን አገር ቤት ትቶ ለመጣ ሠራተኛ ነው። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበራት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከግማሽ በላዩ ነጭ አይደለም። ይህ ሁሉ ሕዝብ የት ነው የሚበላው? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ሌላ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር።

ርቀቱም ለወሬ አይበቃም። ትራፊክ ካልያዘ ከመሀል ከተማ ስትራትፎርድ ሮድ ለመድረስ በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ቡልሪንግን ራሱንም ቢሆን ግማሹን ነው ያየው። ከገበያ ማዕከሉ ደረጃውን ወርዶ የቅዱስ ማርቲንን ቤተ ክርስቲያን ቢያልፍ ዋናውን ቡልሪንግ ያገኘው ነበር። በዚህ ቦታ ገበያ እንዲቆም የንጉሥ ፈቃድ የተሰጠው በ1166 ነው። ዛሬም ገበያ ነው። ውጭ ላይ ፍራፍሬው በሳህን ተከምሮ፣ ሻጩ «ሳህኑ በፓውንድ!» እያለ ይጮሃል። አዳራሹ ውስጥ የዓሣ ሻጮቹ በረዶ ላይ ከቴላፒያ እስከ ሸርጣን ደርድረዋል። ቅዳሜ ጠዋት የከተማው እናቶች ሁሉ እዚያ ናቸው።

ስለ ሒሳቡም ልናገር። ጸሐፊው በአንድ መሀል ከተማ ቤት ለሁለት ሰው 80 ፓውንድ ከፍሎ መበሳጨቱን ይናገራል። በዚህስ አልፈርድበትም። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንግዳ ይዤ አንድ ቤት ገብቼ፣ ሒሳቡ ላይ 12.5 በመቶ ተጨምሮ ሳየው ግዴታ መስሎኝ ከፍያለሁ። ሰርቪስ ቻርጅ የሚሉት ነው። ደረሰኙ ላይ «በፈቃድ» የሚል ቃል ካለበት አስቀንሱልኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ደስ ካላችሁ ደግሞ ተዉት። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በወጣው ሕግ አሠሪው ከዚያ ገንዘብ ሽራፊ መውሰድ አይችልም፤ ሁሉም ለሠራተኞቹ ነው። የመጠጥ ፈቃድ ያለው ቤት ደግሞ የቧንቧ ውሃ ስትጠይቁት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። «የቧንቧ ውሃ» በሉ። «ውሃ» ብቻ ካላችሁ ጠርሙስ ይመጣና ይታሰብባችኋል።

«ባልቲ የውሸት ምግብ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያንገበገበኝ ይህ ነውና።

የጸሐፊው ክርክር እንዲህ ነው። ሕንድ ብትሄዱ፣ ፓኪስታን ብትሄዱ፣ እዚህ የሚበላውን ባልቲ አታገኙትም። ስለዚህ ለፈረንጅ ተብሎ የተፈጠረ የውሸት ምግብ ነው።

አለመገኘቱ እውነት ነው። የተወለደው እዚህ በርሚንግሃም ውስጥ ነዋ! በ1970ዎቹ፣ ስፓርክብሩክ አካባቢ፣ ከካሽሚርና ከፓኪስታን በመጡ ሰዎች እጅ። ስቶኒ ሌን ላይ የነበረው አዲልስ የሚባለው ቤት በ1977 እኛ ጀመርነው ይላል። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው። ዋናው ነገር ይህ ምግብ አገሩ በርሚንግሃም ነው። አንድ ምግብ የትውልድ ቦታው ፋብሪካ ሰፈር ስለሆነ ውሸት ይባላል?

ስሙን ስሙት። በኡርዱ ባልቲ ማለት ባልዲ ነው። እኛ ውሃ የምንቀዳበት ባልዲ! ቃሉ ራሱ የኛን ቃል ይመስላል። የለም፣ ስሙ በፓኪስታን ሰሜን ካለው ባልቲስታን የመጣ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ባልዲው ይበልጥብኛል።

አሠራሩን ኩሽና በር ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሳህኑ ከስስ ብረት የተሠራ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ነው። የብረት ሥራ የዚህች ከተማ ዋና ሙያ ስለነበር ሳህኑንም የሠሩት እዚሁ ነው። ከብዙ እሳት ብዛት ጠቁሯል። ምግብ ሠሪው ኃይለኛ የጋዝ እሳት ላይ ይጥደዋል። ዘይት ነው የሚያደርገው፣ ቅቤ አይደለም። ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ ይገባል። ዶሮው አጥንት የለውም። እሳቱ ሳህኑ ውስጥ ብልጭ እያለ ይገባል፤ ሰውየው ደግሞ በማንኪያ ሳያቋርጥ ያማስላል። እኛ ወጥ ስንሠራ ቁሌቱን ለረጅም ሰዓት በዝግታ ነው የምንጠብቀው። ይህ ተቃራኒው ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ ወደ ሌላ ሳህን አይገለበጥም። የተሠራበት ብረት እንደጋለ ይነሣና ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጣል። ሸክላ ጥብስ ከነፍሙ ሲመጣ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ አይደል? እንደዚያ እየተንጣጣ ነው የሚመጣው።

ማንኪያና ሹካ አትጠይቁ። ናን የሚባለውን የነሱን ቂጣ እዘዙ። የቤተሰብ ናን የሚሉት አለ፤ ጠረጴዛውን ግማሽ ይሸፍናል። ቆርሳችሁ፣ በቀኝ እጃችሁ ከዳር ከዳር እየጠቀለላችሁ ትበላላችሁ። የሳህኑ ጠርዝ ላይ የተጣበቀውን፣ ትንሽ ያረረውን ወጥ በናኑ ጠርጋችሁ ቅመሱት። ጣዕሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። እንጀራ ሲበላ ያደገ እጅ ይህን ለመማር አስተማሪ አያስፈልገውም። ፈረንጆቹ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ቀን ሲቸገሩ አይቻለሁ፤ የኛ ሰው ግን ወዲያው ነው የሚገባበት።

አንድ አብሮኝ የሚነዳ ሰው አለ። ቤተሰቦቹ ሚርፑር ከሚባል የካሽሚር አካባቢ ናቸው። አንድ ሌሊት ሌዲፑል ሮድ ላይ ባልቲ እየበላን «የአያቴ ቤት ውሃ ውስጥ ነው» አለኝ። አልገባኝም ነበር። በ1960ዎቹ ፓኪስታን የማንግላን ግድብ ስትሠራ አሮጌዋ ሚርፑር ከነመንደሮቿ በውሃ ተዋጠች። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ። ብዙዎቹ የሥራ ፈቃድ አግኝተው እንግሊዝ መጡ፤ ብራድፎርድና በርሚንግሃም ገቡ። የግድቡ ውሃ በጣም በሚጎድልበት ወቅት የድሮዋ ከተማ መቅደሶች አናታቸው ብቅ ይላል። አባቱ ያንን ለማየት አንዴ ሄዶ ነበር። ይህን ሲያጫውተኝ በናኑ ሳህኑን ይጠርግ ነበር። ባልቲን የሠሩት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ምግባቸው ውሸት ሲባል የምናደደው ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ስለ ባልቲ «ለሰካራም የተሠራ ነው» ያለው ደግሞ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። ከድሮዎቹ ባልቲ ቤቶች አብዛኞቹ መጠጥ አይሸጡም፤ ባለቤቶቹ ሙስሊሞች ናቸው። መጠጡን ይዘህ ብትመጣ ግን ብዙዎቹ አይከለክሉህም። ቤተሰብ ልጁን ይዞ ነው የሚሄደው። ዋጋውም አይጎዳም። አንድ ባልቲ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ባለው ውስጥ ነው። ናኑን ለሦስት ለአራት ተካፍላችሁ ለአንድ ሰው 20 ፓውንድ ሳይሞላ ጠግባችሁ ትነሣላችሁ።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ልክ ነው። በየሬስቶራንቱ ሜኑ ላይ «ባልቲ» የሚል ቃል አለ፤ ብዙው ግን ድስት ውስጥ ተሠርቶ የተገለበጠ ተራ ወጥ ነው። ያንን በልቶ ከሆነ አልፈርድበትም። የባልቲ ሦስት ማዕዘን በሚባለው ሰፈር ቤቶቹ ድሮ ተደርድረው ነበር። ዛሬ በብረቱ ሳህን የሚሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌዲፑል ሮድ ላይ እንደ ሻባብስ ያሉ ነባር ቤቶች አሉ። ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «የሚመጣው የተሠራበት ሳህን ነው?» በሉ። የሚያውቅ አስተናጋጅ ደስ ይለዋል። የማያውቅ ከሆነ ሌላ ቤት ሂዱ። ልጆቹ ተምረው ሌላ ሥራ ይዘዋል፣ ኩሽናውን የሚረከብ የለም፤ ባለቤቶቹ ሲያወሩ የምሰማው ይህን ነው። በዚህ ላይ «አትሂዱ» የሚል ምክር ሲጨመር እነዚህም ይዘጋሉ ብዬ እፈራለሁ።

«ስፓርክሂልና ስፓርክብሩክ ቆሻሻ ናቸው»

ጸሐፊው መንገድ ላይ የተከመረ የቆሻሻ ከረጢት ፎቶ አንስቶ ለጥፏል። ፎቶው ውሸት አይደለም። የከተማው የቆሻሻ አንሺ ሠራተኞች በ2025 አድማ መቱ፤ ከማርች ጀምሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሥራ አቆሙ። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በ2023 ገንዘብ አልቆብኛል ብሎ ያወጀ ነው። ከረጢቱ ተከመረ፣ አይጥም መጣ። እኛም ተቃጥለናል። ግን ያ ያልተነሣ ቆሻሻ የነዋሪው ጥፋት አይደለም። የባለ ምግብ ቤቱም ጥፋት አይደለም።

የኩሽና ንጽሕና የሚታወቅበት ሌላ መንገድ አለ። የምግብ ቤቱን በር ወይም መስኮት እዩ። አረንጓዴና ጥቁር ወረቀት ላይ ከ0 እስከ 5 ቁጥር አለ። የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ሳይነግር መጥቶ፣ ኩሽናውን፣ ፍሪጁን፣ የእጅ መታጠቢያውን አይቶ የሰጠው ነጥብ ነው። 5 ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ዌልስ ውስጥ በር ላይ መለጠፉ ግዴታ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ከሌለ ስልካችሁን አውጡና የቤቱን ስም አስገብታችሁ ነጥቡን ፈልጉት፤ ለሁሉም ክፍት ነው። እኔ ስትራትፎርድ ሮድ ላይ 5 ያላቸው ቤቶች ውስጥ ነው የምበላው። መሀል ከተማ ደግሞ መብራቱ የሚያብረቀርቅ፣ ነጥቡ ግን ዝቅ ያለ ቤት አጋጥሞኛል።

ስለ ደኅንነትም ጽፏል። በሰባት ዓመት የሌሊት ሥራ ስፓርክሂል ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ለመብላት የፈራሁበት ሌሊት የለም። መንገዱ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሰው አለበት። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ጣፋጭ ሊገዙ ይወጣሉ። በረመዳን ደግሞ ከመግሪብ በኋላ ሄዳችሁ እዩት። መንገዱ ዳር ሁሉ ሳሞሳ ይጠበሳል፣ መኪና ማቆሚያ አይገኝም።

«ደህና ምግብ ያማረው ለንደን ይሂድ»

ይህንን በአጭሩ ልለፈው። ኤጅባስተን ያለው ሲምፕሰንስ፣ መሀል ከተማ ያለው አዳምስ ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሼላን ኮከብ ያገኙ ቤቶች ናቸው። ኦፊም የሚባለው የሕንድ ምግብ ቤት ደግሞ በ2024 ሁለተኛ ኮከቡን አግኝቷል። ባለቤቱ አክታር ኢስላም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከባንግላዴሽ የመጡ ናቸው፤ ያደገውም አስተን ነው። የለንደን ልጅ አይደለም። እዚያ ለአንድ ሰው እራት ከመቶ ፓውንድ በላይ ነው። እኔ አንዴ ለጋብቻ በዓላችን ሄጃለሁ፤ የማልረሳው ምሽት ነው። ለሁሉም ሰው ሂዱ አልልም። ግን የሌለ ነገር የለም። ለንደን ደርሶ መልስ የባቡር ቲኬቱ ብቻ ስትራትፎርድ ሮድ ላይ አንድ ቤተሰብ ያበላል።

«ጾመኛ ቺፕስ ይልመድ»

ይህ ምክር ለጾመኛው ራሱ አይበጅም። በእንግሊዝ መካከለኛውና ሰሜኑ ክፍል ብዙ የቺፕስ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ድንቹ የጾም ነው ብሎ የበላ ሰው ሳያውቅ ጾሙን ሊገድፍ ይችላል። ስለዚህ ቺፕስ ቤት ከገባችሁ በምን እንደሚጠብሱ መጀመሪያ ጠይቁ።

ለጾመኛ ግን ይህች ከተማ የተመቸች ናት። አክስቴ በዐቢይ ጾም ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ሻንጣቸውን ግማሽ በሶና ሽሮ ሞልተውታል። «ይኼ የፈረንጅ አገር በጾም ይገድለኛል ብዬ ነው» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን የደቡብ ሕንድ ሰዎች ቤት ወሰድኳቸው። ዶሳ አዘዝኩላቸው። ስስ፣ ሰፊ፣ ጠርዙ ደረቅ ያለ ቂጣ ነው፤ ውስጡ ድንች አለው። ከጎኑ የምስር ወጥ የመሰለ ሳምባርና የኮኮናት ማባያ ይመጣል። አክስቴ ጠርዙን ቆረሱና አኘኩ። ዝም አሉ። እንደገና ቆረሱ።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ኮምጠጥ ይላል። ቦክቷል።»

«አዎ እቴቴ። ሩዝና ምስር መሰል እህል ፈጭተው ያሳድሩታል።»

«ማደሩ ነዋ ነገሩ!» አሉ። ከዚያ አስተናጋጁን አስጠርተው ስንት ሰዓት እንደሚያድር፣ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚያደርጉት አስጠየቁኝ። ልጁም ሳይሰለች መለሰላቸው። በክረምት ሞቅ ያለ ቦታ አስጠግተን ነው የምናሳድረው አለ። «እንደኛው ነው!» ብለው ሳቁ። በሶው ሳይነካ ተመለሰ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዶሳም ሆነ ምስር በቅቤ ሊሠራ ይችላል። «ጾመኛ ነኝ» ብትሉ ሕንዶቹ በነሱ ጾም ነው የሚረዷችሁ፤ በነሱ ጾም ደግሞ ወተትና ቅቤ ሊበላ ይችላል። «ቪገን» በሉ፤ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር የማይበላ ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ አስተናጋጅ የለም። ናን ላይም ተጠንቀቁ፤ ብዙውን ጊዜ ወተት ወይም እርጎ አለው። በሱ ፋንታ ሮቲ እዘዙ፤ በአብዛኛው ዱቄትና ውሃ ነው፤ ቅቤ እንዳይቀቡት ብቻ ንገሯቸው። ባልቲውም በዘይት ስለሚሠራ የአትክልቱን ወይም የሽምብራውን ማዘዝ ትችላላችሁ።

ሃንድስዎርዝ ደግሞ ከዚህም የቀረበ ነገር አለ። የጃማይካ ሰዎች ሰፈር ነው። ራስተፈሪያኖቹ አይታል የሚሉትን ምግብ ይበላሉ። ሥጋ የለበትም፤ አጥባቂዎቹ ጨውም አያደርጉበትም። ባቄላው፣ ዱባው፣ ቅጠላ ቅጠሉ በኮኮናት ወተት ይበስላል። አንድ ትንሽ ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ የጃንሆይን ፎቶ ከአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጋር አየሁ። ሴትዮዋ ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት ስላት ሒሳብ አልቀበልም አለች። በብዙ ልመና ነው የከፈልኳት።

ጸሐፊው «ሥጋው ሁሉ ሐላል ነው፣ የኛ ሰው ምን ይብላ» የሚልም ነገር አንሥቷል። ይህን የሚጠብቁ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራለሁም። ስፓርክሂልና ሌዲፑል ሮድ በእርግጥ ሐላል ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን እዚያ እንደልባቸው ይበላሉ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ክርስቲያኑ ደግሞ ዓሣውን ወይም አትክልቱን ማዘዝ ይችላል። ሥጋ ካማረው ወደ ሃንድስዎርዝና ስሜዝዊክ ይሂድ። ደሲ ፐብ የሚባሉ፣ የሕንድ ምግብ የሚያቀርቡ መጠጥ ቤቶች አሉ። ብዙዎቹን የሚያስተዳድሩት ሲኮች፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ ፑንጃቦች፣ ናቸው፤ አጥባቂ ሲክ ደግሞ ሐላል ሥጋ አይበላም። የሁሉም ቤት አንድ ስላልሆነ ጠይቃችሁ እዘዙ። የበግ ጥብሱ፣ ዶሮው፣ ዓሣው ከሽንኩርት ጋር በጋለ ብረት ላይ እየጮኸ ይመጣል። የእነዚህ ቤቶች ታሪክም ቀላል አይደለም። በ1960ዎቹ ጥቁርና ሕንዳዊ ሠራተኛ በብዙ መጠጥ ቤቶች በር አይገባም ነበር፤ ቢገባም የሚቀመጥበት ክፍል የተለየ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ማልኮም ኤክስ በፌብሩዋሪ 1965 ስሜዝዊክ ድረስ መጥቶ መድሎውን በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ፑንጃቦቹ እነዚያኑ መጠጥ ቤቶች አንድ በአንድ ያዟቸው። ዛሬ ነጩም ጥቁሩም ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላባቸዋል።

«ሐበሻ ሐበሻ ቤት ይብላ»

ሐበሻ ቤቶቻችንን እወዳቸዋለሁ። የበዓል ዕለት፣ ለቅሶ የሰማሁ ዕለት፣ ሰው የናፈቀኝ ዕለት የምሄደው እዚያ ነው። ቡናውም አለ፣ ወሬውም አለ። እኔ የምለው ስለ እንግዳው ነው። ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሽሮ አልናፈቀውም። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በሮ መጥቶ፣ ሠፈሩ ያለውን ምግብ በእጥፍ ዋጋ ለምን እናበላዋለን?

ለሐበሻ አፍ የሚቀርብ ከፈለጋችሁ ጎረቤቶቻችን አሉ። ስሞል ሂዝ፣ ኮቨንትሪ ሮድ ላይ የሶማሌ ቤቶች ሞልተዋል። ጠዋት የነሱን እንጀራ፣ ካንጄሮውን፣ ከጉበት ጋር ያቀርባሉ። ምሳ ላይ ሩዙና የፍየል ሥጋው ከሙዝ ጋር ይመጣል። ሙዙን ከሩዙ ጋር ነው የሚበሉት፤ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ያደገ ሰው ይህን አይደነቅበትም። የየመኖቹ ማንዲ ደግሞ አለ። ትልቅ ሳህን ላይ ሩዝ፣ ላዩ ላይ አጥንቱን ለቆ የሚወርድ በግ። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ከአንድ ሳህን አብራችሁ የምትበሉባቸው ቤቶች አሉ። ልጆቼ ከሁሉም የሚመርጡት ያንን ነው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ዙሪያውን ተቀምጠው እርስ በርስ ሲጎራረሱ አስተናጋጁ ቆሞ ያያቸዋል። «በእናንተም አገር እንዲህ ነው?» ሲለኝ፣ ትልቋ ልጄ ቀድማኝ መለሰችለትና እሱንም አጎረሰችው።

ለጸሐፊው አንድ ነገር አለኝ። ዳግም በርሚንግሃም የሚመጣ ከሆነ ሆቴል እንኳ ቢይዝ ለአንድ ማታ እኔ ጋ ይምጣ። ማክሰኞ ይሻላል፤ ጾምም አይደለም፣ ባልቲ ቤቶቹም አይጨናነቁም፣ እኔም ከሥራ ነፃ ነኝ። ከኒው ስትሪት በር ላይ በታክሲዬ አነሣዋለሁ። አንድ የዶሮ ባልቲ፣ አንድ የበግ፣ አንድ የቤተሰብ ናን እናዛለን። ሒሳቡ የኔ ነው።